በረቱ የባቡሩ አካል ነበር

ሰሞኑን ስለ አሜሪካ የቁም ከብት ማቆያዎችና ስለ ባቡር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ርዕሱ መመረጡ በጣም ደስ ብሎኛል። ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ጸሐፊው ለፍተዋል፤ አጻጻፋቸውም ይጥማል። ግን የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ስህተቱም ዝም ተብሎ የሚታለፍ ዓይነት አይደለም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ይዘቱን ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው የሚሉት ይህን ነው። የከብት ማቆያ ገበያ ነበር፤ ባቡሩ በአጠገቡ ስላለፈ ብቻ ተጠቀመበት። በየገጠሩ ጣቢያ የነበሩት ትንንሽ በረቶች ተራ አጥሮች ናቸው። ከብት በመንገድ ላይ እንዲያርፍ የሚያዘው ሕግ ከርኅራኄ የመነጨ ነው፤ ባቡር ኩባንያዎችም በደስታ ተቀበሉት። ማቀዝቀዣ ፉርጎ ሲመጣ የቁም ከብት ጉዞ በአንድ ጀምበር አበቃ። በረቶቹ በሽታ ከማሰራጨት በቀር ለጤና የፈየዱት ነገር የለም። በመጨረሻም የጭነት መኪና ገደላቸው፤ ሕጉም አብሯቸው ተቀበረ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከብት ከሌላው ጭነት ሁሉ ይለያል። ስንዴ ፉርጎ ውስጥ ሳምንት ቢቆይ ያው ስንዴ ነው። የድንጋይ ከሰል ዝናብ ቢመታው ምንም አይሆንም። ከብት ግን ይራባል፣ ይጠማል፣ ይደክማል፣ ይወድቃል። በየሰዓቱ ክብደቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ከብት የሚጭን ባቡር በመነሻው፣ በመንገዱና በመድረሻው ከብቱን የሚያቆምበት ቦታ የግድ ያስፈልገዋል። ያ ቦታ ከሌለ የከብት ባቡር የሚባል ነገር አይኖርም። ጽሑፉ የሳተው ይህንን ነው፤ የተቀሩት ስህተቶች ሁሉ ከዚህ ይመነጫሉ።

ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«ማቆያው ገበያ ነበር፤ ባቡሩ አላፊ ነው»

ጽሑፉ ከቺካጎ ስለጀመረ እኔም ከዚያው ልጀምር። ከ1865 በፊት ቺካጎ ውስጥ አንድ ትልቅ ማቆያ አልነበረም። እዚህም እዚያም የተበተኑ ትንንሽ በረቶች ነበሩ። አንዱ ባቡር አንድ ጫፍ ላይ ያራግፋል፣ ሌላው ሌላ ጫፍ ላይ። ገዢው የአንዱን በረት ከብት አይቶ የሌላውን ለማየት ከተማዋን ማቋረጥ ነበረበት። ከብቱም ከበረት ወደ በረት በከተማው ጎዳና ይነዳ ነበር። የእርስ በርስ ጦርነቱ ለሠራዊቱ ሥጋ ሲፈልግ ደግሞ መጨናነቁ ባሰ።

መፍትሔው ሲመጣ ገንዘቡን ያወጣው ማን ነው? ዘጠኝ የባቡር ኩባንያዎች ናቸው። የኢሊኖይ ምክር ቤት በ1865 መጀመሪያ ላይ ዩኒየን ስቶክ ያርድ ኤንድ ትራንዚት ለተባለው ኩባንያ ፈቃድ ሰጠ። ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ካፒታሉ አብዛኛውን አክሲዮን የገዙት እነዚሁ ባቡሮች ነበሩ። ከከተማው በስተደቡብ 320 ኤከር ረግረግ መሬት ተገዛ፣ ውሃው ተንጣፈፈ፣ ከየአቅጣጫው ሐዲድ ገባ። ፕላኑን ያወጣው ኦክታቭ ሻኑት የቺካጎና ኦልተን ባቡር ዋና መሐንዲስ ነበር። (ይኸው ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ አውሮፕላን የሠሩት የራይት ወንድማማቾች ምክር የሚጠይቁት ሰው ሆኗል። ታሪኩ ለብቻው ቢጻፍ ደስ ይለኛል።) ማቆያው ዲሴምበር 25 ቀን 1865፣ በፈረንጆች ገና ዕለት ተከፈተ። ባለቤቶቹ ባቡሮች፣ መሐንዲሱ የባቡር ሰው፣ መግቢያውም ሐዲድ ነው። ይህን ይዞ «ባቡሩ በአጠገቡ አለፈ» ማለት ውሃ አያነሳም።

በውስጡ ንግድ አልነበረም አልልም። በጣም ነበር። ግን የማቆያው ኩባንያ ራሱ ከብት አይገዛም፣ አይሸጥም። ገበሬውን ወክሎ የሚሸጠው ኮሚሽን ነጋዴ ነው። የሚገዛው ደግሞ የቄራ ገዢ ወይም ሩቅ ላለ ደንበኛ የሚገዛ ወኪል ነው። ኩባንያው የሚያገኘው በአንድ ራስ ከብት የሚታሰብ የማቆያ ክፍያና የመኖ ዋጋ ነው። መናኸሪያ ተሳፋሪ እንደማይነግድ ማለት ነው።

ሕጉም ጉዳዩን እንዲህ ነው ያየው። በ1891 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከኬንታኪ ግዛት፣ ከኮቪንግተን ከተማ የመጣ አንድ ክርክር ወሰነ። እዚያ የነበረው ባቡር ከብት የሚያራግፈው በአንድ የግል ማቆያ በኩል ብቻ ነበር። ከብቱን የሚረከበው ሰው በማቆያው ለማለፍ ብቻ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል። ፍርድ ቤቱ ይህ አይሆንም አለ። ከብት እጭናለሁ ያለ ባቡር ከብቱን መቀበያና ማስረከቢያ ተገቢ ቦታ የማዘጋጀት ግዴታ አለበት። የዚያም ዋጋ በትራንስፖርት ሒሳቡ ውስጥ የተካተተ ነው፤ በላዩ ሌላ ክፍያ መጫን አይቻልም። በሌላ አነጋገር መጫኛና ማራገፊያ በረት የማጓጓዙ ሥራ ክፍል ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላም ክርክሩ አልበረደም። በ1894 ባቡሮቹ ወደ ቺካጎው ማቆያ በሚገባ እያንዳንዱ ፉርጎ ላይ የ2 ዶላር ክፍያ ጨመሩ። ጉዳዩ ለዓመታት ተጓትቶ በ1902 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ከዚያ በ1922 ሌላ ትልቅ ፍርድ መጣ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ታፍት፣ ቀደም ሲል የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሰው፣ ማቆያዎቹ የከብቱ ማረፊያም ሆነ መጨረሻ አይደሉም ብለው ጻፉ። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈሰው ንግድ የሚያልፍባቸው ጉሮሮ ናቸው አሉ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ አገላለጽ የለም።

«የገጠሩ በረት ተራ አጥር ነው»

ይህ አባባል ከሁሉም በላይ ቆጭቶኛል። ትልልቆቹን ማቆያዎች ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል፤ ፎቶም አላቸው። ትንንሾቹን ግን ማንም አያነሳቸውም። ያለ እነሱ ደግሞ ትልልቆቹ ባዶ ናቸው።

በከብት አገር ያለ አንድ የገጠር ጣቢያ ከዋናው መስመር የወጣ አጭር ሐዲድ ነበረው። ከሐዲዱ ጎን ከወፍራም ሳንቃ የተሠራ፣ ኖራ የተቀባ በረት ይቆማል። በረቱ በበሮች የተከፋፈለ ነው፤ ምክንያቱም የአንዱ ባለቤት ከብት ከሌላው ጋር መቀላቀል የለበትም። ነፋስ የሚያዞረው የውሃ መሳቢያና ገንዳ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ከበረቱ ጥግ ወደ ፉርጎው ወለል ቁመት የሚያወጣ መወጣጫ አለ። ከብቱ እንዳያንሸራትተው ወለሉ ላይ አግዳሚ እንጨት ተመትቶበታል። መወጣጫው ግራና ቀኙ የተከለለና ጠባብ ነው፤ ከብቱ ወደኋላ እንዳይዞር። በግና አሳማ በሁለት ፎቅ ፉርጎ ስለሚጫኑ፣ እነሱ የሚበዙበት ጣቢያ ከፍ ያለ ሁለተኛ መወጣጫም ነበረው።

አሠራሩም ቀላል አልነበረም። ገበሬው ወይም ነጋዴው ለጣቢያ ኃላፊው ቀደም ብሎ ፉርጎ ያዝዛል። ባዶው ፉርጎ መጥቶ ይጠብቃል። የከብቱ ፉርጎ ጎኑ አየር እንዲያስገባ በክፍተት የተሠራ ነው፤ ወለሉ ላይ አሸዋ ወይም ጭድ ይነሰነሳል። ባቡሩ የሚያልፍበት ሰዓት የታወቀ ነው። ከብቱ ከዚያ በፊት በረት ውስጥ ተሰብስቦ፣ ተለይቶ፣ ውሃ ጠጥቶ መጠበቅ አለበት። ትልልቅ ማቆያዎች ውስጥ መወጣጫዎቹ በፉርጎ ርዝመት ልክ ተራርቀው ስለሚሠሩ ብዙ ፉርጎ በአንድ ጊዜ ይጫናል። በትንሽ ጣቢያ ግን አንድ መወጣጫ ነው ያለው። አንዱ ፉርጎ ሲሞላ ይገፋና ቀጣዩ በሩ ከመወጣጫው ጋር ይገጠማል። ሎኮሞቲቭ ከሌለ በፈረስ ወይም በብረት መፈንቀያ ነው የሚገፋው። በዚህ መካከል ከብቱ ቢደነግጥ ሥራው ሁሉ ይበላሻል።

ለዚህ ሁሉ ምርጡ ማስረጃ አቢሊን ናት። ከጦርነቱ በኋላ ቴክሳስ ውስጥ ከብት ሞልቶ ገዢ ጠፍቶ ነበር። ሰሜኑና ምሥራቁ ደግሞ ሥጋ ይፈልጋሉ። የጎደለው ከብቱና ባቡሩ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ጆሴፍ ማኮይ የሚባል የኢሊኖይ ከብት ነጋዴ በ1867 ካንሳስ ውስጥ ያለችውን ይህችን ትንሽ መንደር መረጠ። ሐዲዱ ደርሶባታል፤ ሌላ ግን እዚህ ግባ የሚባል ነገር አልነበራትም። በረት፣ መጫኛ፣ ሚዛንና ለነጋዴዎች የሚሆን ሆቴል አስገነባ። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1867 ከብት የጫኑ 20 ፉርጎዎች ወደ ቺካጎ ተነሱ። በዚያ ዓመት ብቻ ወደ 35 ሺህ ከብት በአቢሊን አለፈ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ሐዲዱ፣ ቀጥሎ በረቱ፣ ከዚያ ከብቱ መጣ። ገበያው የመጨረሻው ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሥራው ወደ ኤልስዎርዝ፣ ወደ ኒውተን፣ ወደ ዊቺታ፣ በኋላም ወደ ዶጅ ሲቲ ተሻገረ። ሐዲዱ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በገፋ ቁጥር በረቱም አብሮ ገፋ። ተራ አጥር እንዲህ ሐዲድ እየተከተለ አይሄድም።

«ሕጉ ከርኅራኄ ወጣ፤ ባቡሮቹም ተቀበሉት»

ኮንግረሱ በ1873 ያወጣው ሕግ ከብት ሳይወርድ፣ ሳይበላና ሳይጠጣ ከ28 ሰዓት በላይ ፉርጎ ውስጥ እንዳይቆይ ይከለክላል። ከወረደ በኋላ ቢያንስ አምስት ተከታታይ ሰዓት ማረፍ አለበት። ርኅራኄ ነበረበት ወይ? አዎ ነበረበት። የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ለሕጉ ታግለዋል። ፉርጎ ውስጥ የነበረው ስቃይም አንጀት የሚበላ ነው። የደከመ በሬ ከተኛ ሌሎቹ ይረግጡታል። ከብቱን የሚያጅበው ሰው ባቡሩ በቆመ ቁጥር ወርዶ በፉርጎው ክፍተት ረጅም ዱላ እያስገባ የወደቀውን ለማስነሳት ይታገል ነበር።

ባቡሮቹ ተቀበሉት የሚለው ግን እውነት አይደለም። ሕጉ ለሠላሳ ዓመት ያህል በአብዛኛው ወረቀት ላይ ነው የቀረው። ኩባንያዎቹ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ፤ መንግሥትም በቁም ነገር አላስፈጸመውም። ማስፈጸሙ ሲጠነክርባቸው ደግሞ ባቡሮቹ ብቻ ሳይሆኑ ብዙ የከብት ባለቤቶችም ሰዓቱ ይራዘምልን ብለው ጠየቁ። ክርክራቸው እንዲያው የሚናቅ አይደለም። ማውረድና መልሶ መጫን ራሱ ከብቱን ያደክማል፣ ያቆስላል፤ ለጥቂት ሰዓት መንገድ ብለን ለምን እናወርዳለን አሉ። በ1906 አዲስ ሕግ ወጣ። 28 ሰዓቱ ባለበት ጸና፤ የከብቱ ባለቤት በጽሑፍ ከጠየቀ ግን እስከ 36 ሰዓት ሊሄድ ተፈቀደ። ለሚጥሰው ከ100 እስከ 500 ዶላር ቅጣት ተቀመጠ። የመኖው ወጪ የባለቤቱ ሆነ፤ እሱ ካላቀረበ ባቡሩ አብልቶ ከከብቱ ላይ ያስከፍላል።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው ነገር ደግሞ አለ። ይህ ሕግ በረት የት እንደሚሠራ ወሰነ። እስኪ እናስላው። የከብት ባቡር መቆሙንና መጠበቁን ጨምሮ በአማካይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይጓዛል እንበል። በ28 ሰዓት 840 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከቺካጎ እስከ ኒው ዮርክ በሐዲድ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ መካከል ላይ አንድ ቦታ ማውረድ ግድ ነው። ካርታ ብታዩ የፔንሲልቬኒያ ባቡር ከብቱን የሚያሳርፈው ፒትስበርግ ውስጥ፣ ሄርስ አይላንድ በተባለ የወንዝ ደሴት ላይ ነበር። ከቺካጎ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኒው ዮርክ ሴንትራል መስመር ደግሞ ትልቁ ማቆያ ኢስት ባፋሎ ነው፤ እሱም ከቺካጎ 840 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከብቱ እዚያ የሚወርደው ሊሸጥ ብቻ አይደለም። ውሃ ሊጠጣ፣ ድርቆሽ ሊበላና ሊያርፍም ነው። ከአምስት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይጫናል። ገበያው ሌላ ቦታ ቢሆን እንኳ ማረፊያ በረቱ መኖሩ አይቀርም። «ማቆያ ማለት ገበያ ነው» የሚለው ሐሳብ እነዚህን ቦታዎች ሊያስረዳ አይችልም።

ሌላ መንገድም ተሞክሮ ነበር። ገንዳ ያለው፣ ከብቱ ሳይወርድ የሚበላበትና የሚጠጣበት ፉርጎ በ1880ዎቹ ተሠርቷል። ቺካጎ ውስጥ አሎንዞ ማዘር የሚባል ሰው በዚህ ዓላማ ኩባንያ አቋቁሟል። ሕጉም በፉርጎው ውስጥ መብላት፣ መጠጣትና ማረፍ ለሚችል ከብት ማውረድን አያስገድድም። ያም ሆኖ የፉርጎ ቦታ ውድ ስለሆነ ማረፊያ በረቶቹ እስከ መጨረሻው ቆዩ።

«ማቀዝቀዣ ፉርጎ በአንድ ጀምበር ጨረሰው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ነገሩን ገልብጠውታል። የሥጋ ነጋዴው ጉስታቨስ ስዊፍት በ1870ዎቹ አጋማሽ ቺካጎ መጣ። ሒሳቡ ግልጽ ነበር። ከአንድ በሬ የቁም ክብደት 40 ከመቶ ያህሉ ሥጋ አይሆንም። ቆዳ፣ አጥንት፣ አንጀትና ፈርስ ወደ ምሥራቅ ለማጓጓዝ ለምን ይከፈላል? አንድሩ ቼዝ የሚባል መሐንዲስ በ1878 በበረዶ የሚቀዘቅዝ የሚሠራ ፉርጎ ነደፈለት።

ታዲያ ባቡሮቹ እልል ብለው ተቀበሉት? በፍጹም። ትልልቆቹ የምሥራቅ መስመሮች ፉርጎውን አንሠራም አሉ። ምክንያታቸው በረቱ ነው። በከብት ፉርጎና በማቆያዎች ላይ ብዙ ገንዘብ አፍስሰዋል። ሥጋ ከተጫነ ደግሞ የሚጓጓዘው ክብደት በግማሽ ሊወርድ ነው። ስለዚህ የሥጋውን ታሪፍ ከቁም ከብቱ አስበልጠው አስቀመጡ። ስዊፍት ፉርጎዎቹን ራሱ አሠርቶ በካናዳ በኩል በሚያልፈው ግራንድ ትራንክ ባቡር ላከ። ይህ መስመር ከፊቱም ብዙ የከብት ጭነት ስላልነበረው የሚያጣው ነገር አልነበረም። ያንን ትልቅ ፍልሚያ ያስነሳው ባቡሮቹ በበረት ላይ የነበራቸው ሀብት ነው። ማቆያው ባዳ ቢሆንባቸው ኖሮ ለምን ይዋጉለት ነበር?

ፉርጎው ካሸነፈ በኋላስ ምን ሆነ? ከብቱ ከእርሻ እስከ ቄራ ድረስ ያው በእግሩ ቆሞ መምጣት አለበት። የተቀየረው የሚታረድበት ቦታ ነው። ከምሥራቁ ከተሞች ወደ መካከለኛው ምዕራብ መጣ። የካንሳስ ሲቲ ማቆያ በ1871 ተከፍቶ ነበር፤ የኦማሃው በ1883 ተጀመረ። በ1902 አርሞርና ስዊፍት የተባሉት የሥጋ ኩባንያዎች ቴክሳስ ውስጥ ባለችው ፎርት ዎርዝ ቄራ መሥራት ሲጀምሩ ከማቆያው ኩባንያም ድርሻ ወሰዱ። ሥጋ በማቀዝቀዣ በተጓዘ ቁጥር የነዚህ ማቆያዎች ሥራ ጨመረ። የቺካጎው ማቆያ ከፍተኛውን ቁጥር ያስመዘገበው በ1924 ነው፤ በዚያ ዓመት ከ18 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ገቡበት። ከቼዝ ፉርጎ 46 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የተቀየረ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ጽሑፉ ቢያነሳው ኖሮ ይጠቅም ነበር። ማቆያዎቹ ቀስ በቀስ ከባቡሮች እጅ ወደ ሥጋ ኩባንያዎች እጅ ገቡ። አምስት ትልልቅ ኩባንያዎች፣ ስዊፍት፣ አርሞር፣ ሞሪስ፣ ዊልሰንና ከደሂ፣ ቄራውንም ማቀዝቀዣ ፉርጎውንም የብዙ ማቆያዎችን ድርሻም ያዙ። ገበሬው ከብቱን የሚያወርደው በገዢው ግቢ ውስጥ ሆነ ማለት ነው። ከመንግሥት ምርመራ በኋላ በ1920 ኩባንያዎቹ ከማቆያዎቹ እንዲወጡ ተስማሙ። በ1921 ደግሞ ማቆያዎችን የሚቆጣጠር ልዩ ሕግ ወጣ። ከላይ የጠቀስኩት የታፍት ፍርድ ይህን ሕግ ያጸና ነው።

በሽታን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። ብዙ ከብት በአንድ ቦታ ሲገናኝ በሽታም ይገናኛል። በ1914 የአፍተግር ወረርሽኝ ቺካጎ ማቆያ ገብቶ ወደ ብዙ ግዛቶች ተሰራጨ። ማቆያው በኖቬምበር ተዘግቶ ተጸዳ፤ በወረርሽኙ በአጠቃላይ ከ170 ሺህ በላይ እንስሳት ተወገዱ። የማይካድ ነው። ግን ከብቱ ሁሉ በአንድ በር ማለፉ ለመርማሪውም ጠቅሟል። በደቡብ ከብት ላይ የነበረውን የቴክሳስ ትኩሳት ውሰዱ። በሽታውን መዥገር እንደሚያስተላልፈው ቴዎባልድ ስሚዝና ፍሬድ ኪልቦርን በ1893 አሳዩ። በዚያ ዘመን ከኳራንቲን መስመር፣ ማለትም በሽታው ያለበትን ደቡብ ከሰሜኑ ከሚለየው ወሰን፣ በስተደቡብ የመጣ ከብት በተለየ ፉርጎ፣ ምልክት ተለጥፎበት ይጓዛል። ማቆያው ሲደርስ በራሱ መወጣጫ ይወርዳል፣ በራሱ በረት ይቆማል። ፉርጎው ይታጠባል፣ በመድኃኒት ይረጫል። ይህን የሚያስፈጽመው በ1884 የተቋቋመው የእንስሳት ጉዳይ ቢሮ ነው። በየእርሻው ተበትኖ ያለን ከብት እንዲህ መቆጣጠር አይቻልም ነበር።

«የጭነት መኪና ገደላቸው»

መኪና መጀመሪያ ማቆያዎቹን መግቧቸዋል። ገበሬው ፉርጎ የሚሞላ ከብት እስኪኖረው መጠበቅ ቀረለት፤ አምስት አሳማም ቢሆን ጭኖ ይመጣል። ስለዚህ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በሐዲድ የሚመጣው እየቀነሰ፣ በመንገድ የሚመጣው እየበዛ ሄደ። ማቆያዎቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ኦማሃ ቺካጎን በልጣ ከሁሉም ትልቅ የሆነችው በ1955 ነው፤ ከብቱ በብዛት በመኪና በሚመጣበት ዘመን። መጀመሪያ የሞተው የገጠሩ ጣቢያ በረት ነው። ትልቁ ማቆያ ከእሱ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሯል።

ትልልቆቹን የጨረሳቸው የቄራው ቦታ መቀየር ነው። መኪና ካለ ቄራው ሐዲዶች የሚገናኙበት ከተማ ውስጥ መሆን የለበትም። ከብቱ የሚደልብበት አካባቢ ሄዶ ከገበሬው በቀጥታ ይገዛል። በ1960 የተመሠረተው አይዋ ቢፍ ፓከርስ ይህን በሰፊው አሳየ፤ በ1967 ሥጋውን ቆራርጦ በካርቶን መላክ ጀመረ። የድሮዎቹ ኩባንያዎች የቺካጎ ቄራቸውን ከዚያ በፊት በ1950ዎቹ ዘግተው ነበር። የቺካጎው ማቆያ ጁላይ 30 ቀን 1971 ተዘጋ። የካንሳስ ሲቲው በ1991፣ የኦማሃው በ1999 ተከተሉት። መኪናው ዕድሉን ሰጠ እንጂ ውሳኔው የሥጋ ኩባንያዎቹ ነው።

«ሕጉም አብሯቸው ተቀበረ» የሚለው ግን ጨርሶ ስህተት ነው። የ28 ሰዓቱ ሕግ ዛሬም አለ። በ1994 እንደገና ሲጻፍ ቃላቱ ተስተካከሉ። በ2006 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሕጉ የጭነት መኪናንም እንደሚጨምር አስታወቀ። የአምስት ሰዓቱ ዕረፍት እንዳለ ነው። በባቡሩ ዘመን ሰዓቱ ሲሞላ የሚወረድበት በረት መስመሩ ላይ ተሠርቶ ይጠብቃል፤ ያንን ማዘጋጀት የባቡሩ ኃላፊነት ነበር። አሁን እንዲህ ያለ የበረት መረብ የለም። ሾፌሩ ማውረጃ፣ ውሃና መኖ ያለበትን ቦታ ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የሚያርሙ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ዓረፍተ ነገር እንዲያነሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ አንባቢ አምኖት ከብት ይዞ መንገድ ሊወጣ ይችላልና።